ምስር የማይሸጥበት ግሮሰሪ

አሜሪካ ያደገው የአክስቴ ልጅ በመጣ በሦስተኛው ቀን አዳማ ላይ «ግሮሰሪ» የሚል ሰሌዳ አየና ሙዝና የታሸገ ውሃ ሊገዛ ገባ። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ፍለጋ ብሄድ፣ ባንኮኒው ላይ ክርኑን አስደግፎ፣ ሁለት ባዶ የቢራ ጠርሙስ ፊቱ ደርድሮ፣ ከማያውቀው የከባድ መኪና ሹፌር ጋር ስለ ጅቡቲ መንገድ ሲጫወት አገኘሁት። ሙዙን ረስቶታል። የሁለቱንም ቢራ ሒሳብ የዘጋው ሹፌሩ ነው።

ለማያውቋት ላስተዋውቅ። ግሮሰሪ እኛ ዘንድ ምስርና ሳሙና የሚሸጥባት አይደለችም፤ ያ ሱቅ ነው። ግሮሰሪ ከሆቴል የምታንስ፣ ከአረቄ ቤት ከፍ የምትል፣ አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ክፍልና ከአንድ በረንዳ የማታልፍ መጠጥ ቤት ናት። ባንኮኒ አላት፤ ከባንኮኒው ጀርባ መስታወት የተለጠፈበት መደርደሪያ፣ መደርደሪያው ላይ ጂን፣ ኡዞ፣ ኮኛክ፣ ፈርኔት። ጥግ ላይ የቢራ ፋብሪካ አርማ ያለበት ማቀዝቀዣ ያጉረመርማል። በረንዳው ላይ የፕላስቲክ ወንበሮች አሉ። አልጋ የላትም። ሙዚቃዋም በደንበኛው ጨዋታ ላይ እንዲሠለጥን አይፈቀድለትም፤ ቢያንስ በደህናዋ ግሮሰሪ። ትልልቅ ከተሞች ኮክቴይል ባር የሚሉትን ሥራ በትንሹ ከተማ የምትሠራው እሷ ናት።

ስሙን እንዲህ የተገለገልንበት እኛ ብቻ አይደለንም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን አሜሪካ ውስጥም ግሮሰሪ ማለት መጠጥ እየተቀዳ የሚሸጥበት ቤት ማለት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1858 በኢሊኖይ ግዛት፣ ኦታዋ በምትባል ከተማ፣ ስቴፈን ዳግላስ ከአብርሃም ሊንከን ጋር ሲከራከር «ይሄ ሰው ድሮ ግሮሰሪ ነበረው» የሚል ነገር ጣል አደረገበት። መሸተኛ አጠጪ ነበር ለማለት ነው። ሊንከን ግሮሰሪ የሚባል ነገር በዓለም ላይ ኖሮኝ አያውቅም ብሎ ካደ፤ ብቻ አንድ የክረምት ማብቂያ ላይ በትንሽ አረቄ ማውጫ ቤት መሥራቱን አልደበቀም። የአክስቴ ልጅ ይህን ስነግረው ሰሌዳ አንብቦ መሳሳቱ ትንሽ ቀለለው።

አዳማ ለግሮሰሪ የተፈጠረች ከተማ ናት። ከአዲስ አበባ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ዝቅ ብላ ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ስለተቀመጠች ሙቀቷ ውሃ ያስጠማል። በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ የደረሰው የምድር ባቡር በመሃሏ አልፏል፤ የጅቡቲ መንገድም ያልፍባታል፤ በ2007 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ደግሞ የፈጣን መንገዱ ተከፈተና ቅዳሜ ምሳ ለመብላት ከአዲስ አበባ ወርዶ ማታ መመለስ ቀላል ሆነ። ከ1992 ዓ.ም. ጀምሮ በይፋ አዳማ ብትባልም፣ ሽበት ያለው ደንበኛ ባንኮኒው ላይ ሆኖ አሁንም ናዝሬት ይላታል፤ የሚያርመው የለም። የስብሰባ ከተማም ናት። «ሥልጠና አዳማ ነው» ሲባል መሥሪያ ቤቱ በሙሉ የሚነቃቃው ለሥልጠናው ብቻ አይደለም፤ አበል አለ፣ አበሉም ማታ ማታ የሚያርፍበት ቦታ አለ።

ስለዚህ አንዲት የአዳማ ግሮሰሪ በአንድ ቀን ውስጥ አራት ዓይነት ደንበኛ ታስተናግዳለች። ቀትር ላይ ለምሳ የወጣ ነጋዴ፤ አሥር ሰዓት ግድም መኪናውን ዳር አቁሞ የሚያርፍ ሹፌር፤ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ የስብሰባ ቦርሳ በትከሻው ያንጠለጠለ ሠልጣኝ፤ ከዚያ ወዲያ ከሰዓቱን ጫት ላይ ያሳለፈና ምርቃናውን በቢራ ሊሰብር የመጣ ባለ ጨብሲ። ያቺው አስተናጋጅ ለአንዱ በኦሮምኛ፣ ለሌላው በአማርኛ ትመልሳለች። «ሒሳብ ሜቃ?» ይላል አንዱ፤ «ስንት ነው የኔ እህት?» ይላል ከጎኑ ያለው። ለሁለቱም የምትነግራቸው ቁጥር አንድ ነው።

የአክስቴ ልጅ መጀመሪያ የደነገጠው በጭብጨባው ነው። ከወዲያ ጥግ አንድ ጎልማሳ ሁለቴ አጨበጨበ፤ አስተናጋጇ ዞር አለች። «ሰው ላይ ያጨበጭባል?» አለኝ በጆሮዬ። እውነቱን ለመናገር እኔም አልወደውም። ግን እዚህ ቤት ስድብ አይደለም፤ ጫጫታ ውስጥ የሚሰማ ድምፅ ነው። ስሟን አውቆ መጥራት ይበልጣል፤ ስሟን ካላወቁ ደግሞ እጅን ትንሽ ከፍ ማድረግ ይበቃል።

ቢራ ሲመጣ እዩት። «ቀዝቃዛ ይሁን?» ብላ ትጠይቃለች፤ በአዳማ ሙቀት መልሱን ብታውቀውም ትጠይቃለች። ጠርሙሱን እናንተ ፊት ትከፍተዋለች፤ ተከፍቶ የመጣ ቢራ ደንበኛ አይቀበልም። ቆርኪውን አላቅቃ መልሳ አፉ ላይ ጣል ታደርገዋለች፣ ለዝንብ። አንገቱ ላይ ደግሞ ሶፍት ትጠቀልልበታለች፣ ላቡን እንዲጠጣ። ይህ ሁሉ አምስት ሰከንድ አይፈጅም፤ ማንም አላስተማራትም፣ የትም ተጽፎ አይገኝም፤ ግን ከሞጆ እስከ ባቱ አንድ ዓይነት ነው።

ደንበኛው የማያየው ግን አለ፤ ስሙ ማርካ ነው። ማርካ ከሳንቲም ትንሽ ከፍ የሚል የፕላስቲክ ወይም የብረት ቁራጭ ነው። አስተናጋጇ ሥራ ስትገባ ከገንዘብ ተቀባዩ የተወሰነ ማርካ ትረከባለች፤ የቤቱ ገንዘብ እጇ ገባ ማለት ነው። አንድ ቢራ ስታዝዙ ማርካውን ባንኮኒው ላይ አስቀምጣ ቢራውን ታነሣለች። ማታ ሲዘጋ የወሰደችው ማርካና ያስገባችው ብር እኩል መሆን አለበት። ካሽ ሬጅስተር የገባበት ቤት እንኳ ይህን አሠራር ሙሉ በሙሉ አልጣለውም፤ ወረቀት ተካው እንጂ ሐሳቡ ያው ነው። ትርጉሙ ይህ ነው፤ ጠርሙሱ ከባንኮኒው ከተነሣ ጀምሮ ዕዳው የቤቱ አይደለም፣ የእሷ ነው። እናንተ ሳትከፍሉ ብትወጡ ባለቤቱ አንድ ብር አይጎድልበትም።

ባዶ ጠርሙስ ከጠረጴዛ ላይ የማይነሣውም ለዚህ ነው። ከሌላ አገር የመጣ ሰው ቆሻሻ ይመስለዋል፤ አስተናጋጇ የሰነፈች ይመስለዋል። ጠርሙሱ ደብተር ነው። ስንት ጠጣችሁ የሚለው ጥያቄ ሲነሣ ሁለቱም ወገን ጠረጴዛውን ያያል፣ ነገሩ ያልቃል።

አንድ ጊዜ፣ ስሟን በማልጠራት ግሮሰሪ፣ አራት ሆነን ስንጫወት አምሽተን ሒሳብ ጠየቅን። ጠረጴዛችን ላይ አሥራ አንድ ጠርሙስ አለ፤ ልጅቷ አሥራ ሦስት አለች። ቆጠርን፣ አስቆጠርን። ድምፃችን ከፍ አለ። ልጅቷ ትንሽ ቆማ አየችንና «እሺ፣ ይቅር ጋሼ» ብላ የአሥራ አንዱን ተቀበለች። እኛም ልክ ነበርን ብለን ወጣን። በማግስቱ ቡና ላይ አንዱ ጓደኛችን ራሱን ያዘ፤ በር አጠገብ ለተቀመጠው ለሚስቱ ወንድም ሁለት ቢራ ልኮ ኖሯል። ጠርሙሶቹ የነበሩት እዚያኛው ጠረጴዛ ላይ ነው። ተመልሰን ሄድን፤ ተረኛ አልነበረችም። ገንዘቡን ለገንዘብ ተቀባዩ ሰጠነው። ደረሳት አልደረሳት ብዬ ተመልሼ አልጠየቅሁም፤ ይህም እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል።

ምግቡ ደግሞ ሌላ ሥርዓት አለው። ብዙዋ ግሮሰሪ ኩሽና የላትም፤ ጎረቤት አላት። እዚያው ግቢ ውስጥ ሥጋ ቤት ይኖራል፣ ከሥጋ ቤቱ ጀርባ ጥብስ የሚጠብሱ ሴቶች፣ ባንኮኒው የሌላ ሰው። ሥጋውን ሄዳችሁ ቆማችሁ ትመርጣላችሁ፤ ከታላቁ ይሁን ከሽንጡ፣ ጮማ ይኑረው አይኑረው፣ ግማሽ ኪሎ ወይስ አንድ። ለቁርጥ ከሆነ ከነቢላው ይመጣል፤ ለጥብስ ከሆነ ኩሽና ገብቶ በሸክላ ከነፍሙ ይመለሳል፣ ከአዋዜና ከሚጥሚጣ ጋር። መጨረሻ ላይ ሒሳብ ስትሉ ሁለት ሰው፣ አንዳንዴም ሦስት ሰው ይመጣል፤ የሥጋው ለብቻ፣ የመጠጡ ለብቻ፣ የእንጀራውና የመጥበሻው ለብቻ። የአክስቴ ልጅ ሦስተኛዋ ስትመጣ የተጭበረበረ መስሎት ቦርሳውን ጨበጠ። ሦስቱም ልክ ነበሩ። እኔ እንዲያውም ይህን አሠራር ከትልልቁ ሬስቶራንት አሠራር አስበልጠዋለሁ፤ ሥጋው ቢጠነክር ማንን እንደምወቅስ አውቃለሁ።

ረቡዕና ዓርብ ግቢው ዝም ይላል። ሥጋ ቤቱ ይዘጋል ወይም ባለቤቱ በር ላይ ተቀምጦ ጋዜጣ ያነባል፤ ሽሮና በያይነቱ ተራ ያገኛሉ። መጠጡ ግን እንደ ሰው ነው፤ ጾሞ የማይጠጣም አለ፣ ከሥጋ ጾሞ ከቢራ የማይጾምም አለ። ባንኮኒ ላይ በዚህ የተነሣ ክርክር ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ፤ አንድም ቀን ሲያልቅ አላየሁም።

አሁን ወደ ቅልቅሉ እንምጣ። እ.ኤ.አ. በ1806 ኒውዮርክ ግዛት ውስጥ የታተመ ጋዜጣ ኮክቴይል ምንድን ነው ለሚል አንባቢ ሲመልስ፣ ማንኛውም ጠንካራ መጠጥ፣ ስኳር፣ ውሃና መራራ ቅመም ነው ብሎ ነበር። በዚህ መለኪያ ግሮሰሪዎቻችን ኮክቴይል ቤት ከሆኑ ቆይተዋል፤ ስሙን ብቻ አልተጠቀሙበትም። ጂን በቶኒክ አለ። ኡዞ በአምቦ ውሃ አለ፤ ጥርት ያለው ኡዞ ውሃ ሲነካው እንደ ወተት የሚነጣው አልኮሉ አሟሙቶ የያዘው የአኒስ ዘይት በውሃ ውስጥ ስለማይሟሟ ነው። ጉደር በኮካ አለ፤ ወይን አዋቂ ነኝ የሚል ሰው ያየው እንደሆነ ያማትባል፤ ስፔን ውስጥ ያሉት ባስኮች ግን ይህንኑ ቀይ ወይን በኮካ ካሊሞቾ ብለው በበዓላቸው ይጠጡታል። ስፕሪስ የምንለው የጁስ ቅልቅል እንኳ ስሙ የመጠጥ ነው፤ ጣሊያኖች ስፕሪትዝ የሚሉት ወይን በሶዳ ነውና። እኛ ጋ ሲደርስ አልኮሉን ጥሎ አቮካዶና ፓፓያ ሆነ።

የቅልቅሎቹ ንጉሥ ግን ቱርቦ ነው። በጆግ ይመጣል፣ ለሦስትና ለአራት ሰው ይቀዳል። አሠራሩ እንደየቤቱ ነው፤ መሠረቱ ቢራ ወይም ድራፍት፣ ነጭ ወይን፣ ስፕራይት። ጂን የሚጨምርበትም አለ። ሲጠጡት ለስላሳ ይመስላል፣ ችግሩም ያ ነው። እስቲ ቁጭ ብለን እናስላው። 33 ሳንቲ ሊትር የሚይዝ፣ የአልኮል መጠኑ 5 በመቶ የሆነ ሁለት ቢራ፤ 12 በመቶ የሆነ ወይን ግማሽ ጠርሙስ፤ አንድ ስፕራይት። ሲደመር 1.3 ሊትር ይሆናል፤ ውስጡ 78 ሚሊ ሊትር ንጹሕ አልኮል አለ፤ ወደ 6 በመቶ ማለት ነው። በ30 ሚሊ ሊትር መለኪያ ሁለት ጂን ቢጨመርበት ከ7 በመቶ ያልፋል። ያ ልስልስ ያለው ጆግ ከቢራው ይበረታል። «ቱርቦ ምንም አይለኝም» የሚል ሰው ከወንበሩ ሲነሣ እዩት።

ድራፍት ለሚወድ ደግሞ አንድ ምክር። በጃምቦ ብርጭቆ ሲቀዳ ግማሹ አረፋ ከሆነ ቀጂዋን አትቆጡ። ቢራው ውስጥ ያለው ጋዝ ታምቆ የሚቆየው ቀዝቃዛ እስከሆነ ድረስ ነው፤ ቱቦው ሲሞቅ ጋዙ ይለቃል፣ አረፋ ይሆናል። በአዳማ ቀትር ላይ በርሜሉ ጥላ ውስጥ ካልተቀመጠና ቱቦው በየጊዜው ካልታጠበ ማንም ቀጂ ደህና ጃምቦ አይወጣለትም። ስለዚህ ድራፍት ሰው በሚበዛበት ሰዓት፣ ሰው በሚበዛበት ቤት ጠጡ፤ በርሜሉ ቶሎ ቶሎ ስለሚለወጥ ቢራው ትኩስ ነው።

ከአዳማ በሞጆ ዞራችሁ፣ ቆቃን አልፋችሁ ወደ ደቡብ ስትወርዱ ግሮሰሪዋ ጠባይዋን ትለውጣለች። ባቱ፣ ብዙ ሰው ዝዋይ የሚላት፣ ወይኗ ከጓሮዋ ነው። የፈረንሳዩ ካስቴል፣ የቅዱስ ጊዮርጊስ ቢራ ባለቤት፣ ሜርሎ፣ ሲራ፣ ካበርኔ ሶቪኞንና ሻርዶኔ እዚያ ተክሎ በ2006 ዓ.ም. በስምጥ ሸለቆ ስም «ሪፍት ቫሊ»ን፣ በግራር ስም ደግሞ «አካሺያ»ን ለገበያ አወጣ። እርሻው ዙሪያ የተቆፈረው ቦይ ጉማሬና ዘንዶ ለመከልከል ነው ቢባል ቀልድ ይመስላል፤ ግን ሐይቁ ጎረቤት ነው። ከዚያው ሐይቅ ቆሮሶ የሚባለው ዓሣ ይወጣል። ሙሉውን፣ ጎንና ጎኑ በቢላ ተተልትሎ፣ በዘይት ተጠብሶ ይመጣል፤ ሥጋው በትልትሉ ልክ በጣት እየተነሣ፣ በዳጣ እየተጠቀሰ ይበላል። ሹካ መጠየቅ ይቻላል፤ ግን ከእሾኩ ጋር የሚስማማው ጣት ነው። እኔ ከዚህ ጋር አካሺያ ሳይሆን ቀዝቃዛ ቢራ እመርጣለሁ፤ ወይን ወዳዶች ይቅር ይበሉኝ።

ጥቂት ዝቅ ስትሉ አርሲ ነገሌ ናት፤ በካቲካላዋ የታወቀች ከተማ። ሴቶች በየጓሯቸው እያወጡ በጀሪካን ወደ ሌላ አካባቢ የሚልኩት አረቄ የብዙ ቤተሰብ መተዳደሪያ ነው። ግሮሰሪ ውስጥ ግን አታገኙትም፤ የፋብሪካ መጠጥ የምትሸጥ ባንኮኒና የሰፈር አረቄ ቤት ተጎራብተው ይኖራሉ እንጂ ዕቃ አይዋዋሱም። በመለኪያ የሚጠጣው የአረቄ ቤት ደንበኛ ግሮሰሪ ሲገባ ኮቱን ያስተካክላል።

የማይጠጣ ሰውም ግሮሰሪ ይገባል። አምቦ ውሃ፣ ለስላሳ፣ ማልት ይዞ እኩል ይጫወታል፤ ግድ የሚለው የለም፣ አንዳንዴ እንዲያውም ሹፌርነቱ ይፈለጋል። ልጅ ግን አይገባም። በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 መሠረት ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው አልኮል መሸጥ ክልክል ነው፤ የቢራ ማስታወቂያ ከሬዲዮ፣ ከቴሌቪዥንና ከመንገድ ሰሌዳ የጠፋውም በዚሁ አዋጅ ነው።

የአክስቴ ልጅ ሊመለስ ሲል መጀመሪያ የገባባት ግሮሰሪ ውሰደኝ አለኝ። የዚያን ቀኑን ሹፌር ሊጋብዝ ፈልጎ ነው። ሰውየው ግን ጅቡቲ ነበር። ለአስተናጋጇ የሁለት ቢራ ሒሳብ አስቀመጠላትና «ሲመጣ ስጪልኝ» አላት። ሁለት ማርካ ከኪሷ አውጥታ ለብቻ አስቀመጠች።

እናንተም ስትገቡ ሦስት ነገር አትርሱ። ጠርሙሱ ሒሳብ እስኪዘጋ ከጠረጴዛው አይነሣ። ለሌላ ጠረጴዛ ስትጋብዙ ለልጅቷ በግልጽ ንገሯት። ከበረንዳ ወደ ውስጥ፣ ከውስጥ ወደ በረንዳ ስትዘዋወሩም አሳውቋት፤ ማርካው የእሷ ነው።